ሳይክል ይዤ አያቴ ደጅ ብደርስ ነውር ነው ወይ?

በዚህ ዓምድ የምንወያየው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ጎረቤት ጠብ ነው። የዚህ ሳምንቱ ጥያቄ ግን ሁለት ጎማ አለው። አትሳቁ! ላይ ላዩን ስታዩት የስፖርት ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን የቤተሰብ፣ የኩራትና የይሉኝታ ጣጣ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ስንቱን ወጣት ከዘመዱ እንደለየ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጸሐፊው የ28 ዓመት ወጣት ነው። እንደ ደንባችን ስሙን አንጠቅስም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የተወለድኩት አዲስ አበባ ቢሆንም እስከ ሰባት ዓመቴ ያሳደገችኝ ሰላ ድንጋይ ያለችው አያቴ ናት። አሁን ካየኋት ስድስት ዓመት አለፈኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎት። የአጎቶቼ ልጆች ሲሄዱ መኪና ይዘው ነው፤ በግ ይታረዳል፣ ለዘመዱ ሁሉ ልብስ ይታደላል። የእኔ ደሞዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ‹ባዶ እጄን እንዴት ብዬ ልግባ?› እያልኩ ዓመት በዓመት አስተላለፍኩት። ካለኝ ነገር የምኮራበት አንድ አሮጌ ኮርስ ሳይክል ነው፤ እሑድ እሑድ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እንነዳለን። አሁን ሐሳባችን ሳይክሎቹን አውቶቡስ ላይ ጭነን ደብረ ብርሃን መሄድ፣ ከዚያ እየነዳን ሰላ ድንጋይ መግባት ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት አለቀሰች። ‹ሰው በመኪና ሲመጣ አንተ በሳይክል? የእሷ ልጅ ከሰረ ልታስብለኝ ነው? እናቴን በስተርጅና ልታዋርዳት ነው?› አለችኝ። ልተወው ወይስ ልሂድ? ምን ላርግ?»

በደብዳቤው ግርጌ ደግሞ በሌላ እጅ ጽሑፍ የተጨመረ ማስታወሻ አለ። የጻፈችው ከአራቱ አንዷ ናት፤ 24 ዓመቷ ነው። «ከቡድናችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ወንዶቹ ‹አንቺ በአውቶቡስ ቀድመሽ ጠብቂን፤ ለገጠር ሰው ሴት በሳይክል አይለመድም› ይሉኛል። እውነት ነው ወይ?» ትላለች።

እንግዲህ ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

በቅሎና ሳይክል

መጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። «ሰላ ድንጋይ የት ነው?» ለምትሉ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ሞጃና ወደራ ወረዳ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የሄዳችሁ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገዳሙ በዚሁ ወረዳ ነው ያለው። ስሙን ስትሰሙት ለጎማ የሚመች አገር አይመስልም መቼም። አገሩ ግን የዋዛ አይደለም። ሸዋን እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት፣ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ፣ መቀመጫቸው ሰላ ድንጋይ ነበር። ልጃቸው አንኮበርና አንጎለላ እየተመላለሱ ሲገዙ እናትየው በዚህ ደጋ ላይ የራሳቸውን ግቢ ይዘው ይኖሩ ነበር። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና በእሳቸው ደጅ በኩል ነው ያለፈው። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክን በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑላቸው የአቡነ ማቴዎስ ስም ከሰላ ድንጋይ ጋር ይነሣል።

ዙሪያውም ቢሆን ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ነው። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ፈረንጆች የድንጋይ ቤት ያለባቸውን ጥንታዊ መንደሮች በሳይክል ለማየት ስፔን ድረስ ይሄዳሉ። ጂሮና የምትባለው ከተማ ዙሪያዋ ጸጥ ያለ የገጠር መንገድ በመሆኑ ብቻ የስንቱ ፕሮፌሽናል ጋላቢ መኖሪያ ሆናለች። እኛ ግን በደጃችን ያለውን የድንጋይ ቤት በአውቶቡስ መስኮት፣ እንቅልፍ እያዳፋን ነው የምናልፈው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ደጅ የመጣ ትልቅ ሰው በምን መጣ? በበቅሎ! የክብር መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። መኪና ክብር የሆነው ትናንት ነው። እና ወንድሜ፣ ክብር ከመጓጓዣው ጋር ተጣብቆ የሚኖር ቢሆን ኖሮ በበቅሎ የመጡት ሁሉ ዛሬ «ድሆች» በተባሉ ነበር።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ደጋ ከጓደኞቼ ጋር በሳይክል ተንከራትቻለሁ። አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት አስቆሙንና ሳይክሌን ዙሪያዋን ተመለከቷት። ጎማዋን ጫን ጫን አደረጉና «ልጄ፣ ይህቺ በቅሎ ምን ትበላለች?» አሉኝ። «እኔን ነው የምትበላኝ አባባ» አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው አንተ ብላላት» ብለው ቤታቸው አስገቡን። እርጎ በቆሎ አቀረቡልን። አንዳችንንም «መኪና የላችሁም ወይ?» ብለው አልጠየቁንም። የጠየቁን የማን ልጆች እንደሆንን ነው። ልብ በሉ! የገጠር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። «በምን መጣህ?» የሚለውን የምንጨምረው እኛ ከተሜዎች ነን።

ደግሞስ ሳይክል የድሃ ዕቃ ነው ያለው ማነው? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያን ጊዜ አገሪቱን ከወከሉት መካከል ሳይክል ጋላቢዎች ነበሩበት፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ሆኖ ጨርሷል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ሲነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ቱር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ገባ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ምድር፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እና እናትህ «ከሰረ ይሉሃል» ስትልህ፣ በል ይህን ንገራት። ግን በለሰለሰ ድምፅ ይሁን፣ እንደ ክርክር አታርገው።

የእናት ዕንባ

ምክንያቱም ዕንባው ስለ ሳይክሉ አይመስለኝም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንተ አያትህን ካየሃት ስድስት ዓመት እንዳለፈህ ጽፈሃል። እናትህ መቼ እንደሄደች ግን አንድም ቦታ አልጻፍክም። እስቲ ረጋ ብለህ አስበው። እሷም እንዳንተው «ምን ይዤ?» እያለች እያስተላለፈች ቢሆንስ? የወንድሞቿ ልጆች በመኪና ሲገቡ ስትሰማ እሷም በልቧ እያፈረች ቢሆንስ? እንዲህ ከሆነ አንተ ያለ ምንም ነገር፣ በአሮጌ ሳይክል ልግባ ስትል የነካኸው ቁስል የሷን ነው። ሰው የተነካበት ቁስል የሌላ ሰው ሲመስለው «አዋረድከን» ይላል። የሚያለቅሰው ግን ለራሱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ከእናትህ ጋር ቡና ላይ ተቀመጥና ስለ ሳይክል አንድም ነገር ሳታነሣ «እማዬ፣ እናትሽን ካየሻት ስንት ጊዜ ሆነሽ?» በላት። መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። ከዚያ «አብረን እንሂድ» በላት። አዎ፣ አብራችሁ! እሷ በአውቶቡስ፣ አንተ በሳይክል። እሷ ቀድማ ትገባለች፤ ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ጧፍና ሻማ ይዛ ትገባለች። አንተ ማታ ላብህን ጠርገህ ስትደርስ እናትህ ከእናቷ ጎን ቆማ ትቀበልሃለች። ያን ጊዜ «የማን ልጅ ነው በሳይክል የመጣው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ቢኖር፣ መልስ የምትሰጠው እሷው ናት። ደግሞ ኩራት ኩራት ሳይላት አይቀርም፤ በዚያ ዳገት መንዳት ለማንም አይሰጥም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ድንገት አትግቡ! ከአዲስ አበባ ሳይነገርላቸው፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ በቡድን የመጡ ሰዎች ገጠር ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ታውቃለህ? መርዶ ነጋሪ! አያትህ በሩ ላይ ገና ስታያችሁ «ማን ሞተ?» ብላ ደረቷን ትመታለች። አስቀድማችሁ በጎረቤት ስልክም ቢሆን አስደውሉ፤ «ልጅሽና የልጅ ልጅሽ ለጥየቃ ይመጣሉ፤ ደግ ነው» ይባልላት።

ሁለተኛ፣ ሳይክሏን የአጎቶችህ ልጆች መኪና መመለሻ አታድርጋት። ደጁ ላይ አቁመህ ለቲክቶክ እየተቀረጽክ «እኔ ደግሞ በላቤ መጣሁ» ልትል ከሆነ፣ ያው የመኪናው ታይታ ነው፤ ጎማው ብቻ ቀነሰ። አያትህ የምትፈልገው ፊትህን ነው። ስትደርስ ወረድ በል፤ ሄልሜትህን አውልቅ፤ ቦርሳህ ውስጥ ያጠፍካትን ነጠላ ደረብ አድርግና ጉልበቷን ሳም። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

መንገዱ ይጠየቅ

አሁን ደግሞ በቁም ነገር ላይ ቁም ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። ስለዚህ «ፌስቡክ ላይ ሰላም ነው ሲሉ አየሁ» ተብሎ አይወጣም። የሚጠየቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እዚያው አገሩ ላይ ያለ ዘመድ፣ በዚያው ሳምንት ደርሶ የተመለሰ ሾፌርና ደብረ ብርሃን ላይ የሚኖር ወዳጅ። ሦስቱም «መንገዱ ደህና ነው» ካሏችሁ ተነሡ። አንዱ ካንገራገረ ቅሩ። በሳይክል ላይ ያለ ሰው እንደ መኪና ፈጥኖ አይሸሽም፤ መስታወት ዘግቶም አያልፍም። መታወቂያችሁን ያዙ። በኬላ ስታልፉ ቀድማችሁ ውረዱና በእግር እየገፋችሁ ቅረቡ። ካሜራ አታውጡ።

«መንገዱ እንቢ ካለስ?» ትለኝ ይሆናል። መንገዱ እንቢ ካለ ጉዞው ይቆያል እንጂ አያትህ አትረሳም። በየሳምንቱ ደውልላት። በታመነ ሰው ኪሎ ቡና ላክላት። ግን አንድ ነገር አስተውል፤ ስድስቱን ዓመት ያስቀረህ ግጭት ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ቀኖችም «መኪና የለኝም» እያልክ ነው የቀረኸው። የአያት ዕድሜና የመንገድ ሰላም ለማንም ቀጠሮ አይሰጡም። መንገዱ ክፍት የሆነ ዕለት ምክንያት አትደርድር፤ ሳይክሉ ቢሰበርብህ እንኳ በአውቶቡስ ሂድ። የጉዞው ዋና ነገር አያትህ ናት፤ ሳይክሉ ቅመሙ ነው።

ደጋው አይታለልም

መንገዱ ደህና ከተባለ፣ ለአራታችሁም የሚሆን የልምድ ምክር እነሆ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያንን በሳይክል አትሞክሩት። የከባድ መኪናና የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ ትከሻው ጠባብ ነው። ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ አስጭኑ። ስትጭኑ ፔዳሉን ፍቱ፤ ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ለረዳቱ ደህና ጉርሻ ስጡት፤ ወንበር ስር ካለ ሻንጣ ይልቅ የሱ እጅ ነው ሳይክላችሁን የሚያድነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ጣርማ በር አቅጣጫ ስትወጡ ከ3,000 ትዘላላችሁ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ መኖራችሁ ትንሽ ይረዳችኋል፤ ግን አትኩራሩ። መለማመጃችሁ ቅርብ ነው፦ እንጦጦ! ቁመቱም ከዚያ ደጋ ጋር ይቀራረባል። እንጦጦን ሳትወርዱ፣ ሳታንጎላጁ፣ በተከታታይ ሦስት እሑድ መውጣት ከቻላችሁ ተዘጋጅታችኋል። ካልቻላችሁ አንድ ወር ጨምሩ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ካለ መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግር። እዚያ ደርሶ ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው ካለ «ጀግና ነኝ» አይበል፤ ቁጭ ይበል፣ ውኃ ይጠጣ፣ ካልተሻለው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረድ።

ኮርስ ሳይክል በአስፋልት ላይ ንጉሥ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጠጠር ላይ ሲገባ ግን አሽከር ይሆናል። ቀጭኑን ጎማ አውልቁና ፍሬማችሁ የሚችለውን ያህል ሰፋ ያለ ግጠሙ፤ ነፋሱንም ቀነስ አድርጉት። ማውንቴን የሚያውሳችሁ ጓደኛ ካለ ደግሞ አትግደርደሩ። እያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ከመነዳሪ፣ ለአራታችሁ አንድ ፖምፓ፣ ፓች ከነማስቲሹ፣ የብሎን መፍቻና የካቴና ማያያዣ ያዙ። ጎሚስታ በየኩርባው የለም። ከመነሣታችሁ በፊት የፍሬኑን ጎማ እዩ፤ ያለቀ ከሆነ ዳገቱን ትወጡታላችሁ፣ ቁልቁለቱ ግን ይዟችሁ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉት እንጂ ጨምቃችሁ አትውረዱ።

ብርዱስ? ኧረ ብርዱ! ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ የደረቀ ነው፤ ለመንዳት ሸጋ ወቅት ነው። ንጋት ላይ ግን ውርጭ አለ። በክረምት አትሞክሩት፤ ጭጋጉም ጭቃውም አያላውሳችሁም። በበልግ ወራትም ዝናብ ይጥላል። ጓንት፣ የጆሮ መሸፈኛና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት የግድ ነው። አንድ የጥንት ጋላቢዎች ዘዴ ልንገራችሁ፦ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ደረታችሁ ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር ጋዜጣ አድርጉ፤ ነፋሱን ድርግም ያደርገዋል። ይህቺን ጋዜጣ አንብባችሁ ከጨረሳችሁ ለዚያ ትሁናችሁ፤ እኛ አንቀየምም! ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ እንዳይሸውዳችሁ። ቀዝቃዛ መስሎ ነው ፊት የሚልጠው፤ ቅባት ተቀቡ።

ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ሙዝ። በሶ እንኳ ለዚያ አገር የተፈጠረ ነው፤ የገብስ አገር አይደል? በሰው ሁለት ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ። አረቄ «ያሞቃል» ብሎ የሚሰጣችሁ አይጠፋም፤ ደብረ ብርሃን በአረቄዋ የታወቀች ናት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ስመለስ» በሉ። አረቄ የሚያሞቀው ለጊዜው ነው፤ ኋላ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ ዓይንንም ያጭበረብራል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። ሙሉ ቀን መድቡለት፤ 10 ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለባችሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ከመሸ በምንም ዓይነት አትንዱ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ለማየት ብትጓጉም ያለ መብራት በሳይክል እንዳትገቡ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ጨለማ ውስጥ አያያችሁም። ገደሉን፣ ጅብራውንና ጭላዳውን ከውጭ ሆናችሁ እዩ፤ ያ ይበቃል።

ለአገሬው ሰው ሥርዓት

የገጠር መንገድ የናንተ ብቻ አይደለም። በግ ነጂው፣ ዱቄት የጫነችው አህያ፣ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ሁሉም ባለቤት ናቸው። አህያና ፈረስ ሳይክል ስለማያውቁ ይደነብራሉ። ከኋላቸው በድንገት አትምጡ፤ ከሩቅ ድምፃችሁን አሰሙና ቀስ ብላችሁ እለፉ። የደነበረች አህያ የምትደፋው የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ነው።

ያገኛችሁትን ሁሉ ሰላም በሉ። «እንደምን ዋላችሁ?» ሳይሉ ሽው ብሎ ማለፍ ንቀት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርሱ ወርዳችሁ እለፉ፤ የምትሳለሙ ተሳለሙ። የቀብር ሰው ካጋጠማችሁ ውረዱ፣ ሄልሜት አውልቁ፣ ሰልፉ እስኪያልፍ ቁሙ። ውሻ ካባረራችሁ አትሩጡበት፤ ውረዱና ሳይክሉን በእናንተና በሱ መካከል አድርጉት። አብዛኛው ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ነው። ሕፃናት «ሳይክል! ሳይክል!» እያሉ ይከተሏችኋል። ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ፤ ነገ ሌላው መንገደኛ ላይ ድንጋይ ያነሣሉ። ይልቅ ቆም ብላችሁ ደወሏን አስደውሏቸው፤ ከረሜላውን ይረሱታል። ፎቶ ከማንሣት በፊት አስፈቅዱ። ቡና ጠጡ ከተባላችሁ ደግሞ «ሰዓት የለንም» አትበሉ። ለሰዓት ከሆነማ መኪና ይሻላችሁ ነበር።

ለእህታችን

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ሴት በሳይክል አይለመድም» ያሉሽ ልጆች አገሬውን ሰበብ አደረጉት እንጂ የፈሩት ሌላ ነገር ይመስለኛል። ወይ ታዘገዪናለሽ ብለው ሰግተዋል፣ ወይ ደግሞ ዳገቱ ላይ ትቀድሚያቸዋለሽ ብለው! የገጠር ሴት እኮ እንስራ አዝላ ያንን ዳገት በየቀኑ ትወጣዋለች፤ ጉልበት ያላት ሴት ለአገሬው ብርቅ አይደለችም። ደግሞስ ሰላ ድንጋይን ያህል አገር ይዘው ይኖሩ የነበሩት ሴት ወይዘሮ አልነበሩ እንዴ?

አለባበስ ላይ ግን ብልህ ሁኚ። የተጣበቀውን የስፖርት ሱሪ ከሥር ልበሽና ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ጉልበት የሚያልፍ ቀሚስ ከላይ ደርቢ። ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ የቀኙን እግር በላስቲክ እሰሪው። ሻሽና ነጠላ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ይህ መሸነፍ አይደለም፤ የሰው ደጅ ስንሄድ ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ወንዶቹም ቁምጣቸውን ይሸፍኑ።

ለወንዶቹ ደግሞ አንድ የቡድን ሕግ እሰጣችኋለሁ። ከፊት የሚነዳው ሁልጊዜ ቀርፋፋው ሰው ነው፤ ሴትም ይሁን ወንድ። አራት ሆነው ወጥተው አራት ሆነው ያልገቡ ሰዎች ቡድን አይባሉም። በየግማሽ ሰዓቱ ቁሙ፤ የሁሉም ፊት ይታይ። አንድ ሰው «ደከመኝ» ካለ ለሁሉም ደከማቸው ማለት ነው። ይህን መቀበል የማይችል እሱ ራሱ በአውቶቡስ ይሂድ፤ የጓደኛችሁ እናት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ትፈልግ ይሆናል።

ባጭሩ ወንድሜ፣ ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው አያት እያለች ሰባተኛውን ዓመት መጨመር ነው። መጀመሪያ ከእናትህ ጋር ተነጋገር፤ ቀጥለህ መንገዱን ጠይቅ፤ ከዚያ ጎማህን ንፋ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ካደረግህ ሌላው ዳገት ብቻ ነው፤ ዳገት ደግሞ ያልቃል።

እናንተስ ውድ አንባቢያን? «ምን ይዤ ልግባ?» እያላችሁ ያልሄዳችሁበት የዘመድ ደጅ የለም? እስቲ ጻፉልን፤ ስማችሁን አንጠቅስም። ለሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።